ሳይቆጠር አይነቀልም

ፋብሪካው ተዘግቶ፣ ጡቡ ብቻ ቀርቶ፣
የቬስድር ወንዝ ጎድሎ፣ ደለሉ ተኝቶ፣
በነሐሴ ማለዳ፣ ሰደርያ አጥልቄ፣
ማጭድ በትከሻዬ፣ ጓንቴን አጥብቄ፣
ቬርቪየ ላይ ወረድኩ፣ ከከተማው ግርጌ።
ትእዛዙ አጭር ነው፣ አለቃዬ የጻፈው፦
"ከድልድይ እስከ ሐዲድ፣ ሮዝ አበባ ያለው
ይነቀል በሙሉ። መጤ አረም ነው።"

ልነቅል ጎንበስ ስል፣ ከግንቡ ሥር ወጥታ፣
ጉልበቷ የጨቀየ፣ መዝገቧን ታቅፋ አንዲት አሮጊት መጥታ፣
አጉሊ መነጽሯ ካንገቷ ተንጠልጥሎ፣
"ቆይ!" አለች። "አይነቀልም፣ ሳይቆጠር ውሎ።"

ኦዲል ራንሶኔ። አባቷ በዚህ ቤት
ሱፍ አጣቢ ነበር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት።
ከባሕር ማዶ ጠጉሩ፣ በመርከብ ሲመጣ፣
ከበጎቹ ጭገር ስንት እሾህ፣ ስንት ፍሬ ወጣ!
እጣቢው ሲደፋ፣ ወንዙ ዳር በቀለ፤
የማያውቀው ክረምት ግማሹን ገደለ፤
ግማሹ ግን አለ።

መዝገቧ ወፍራም ነው፣ ዝናብ ያሳበጠው፣
አንድ ቀይ መስመር ነው መሐሉን የቆረጠው፤
በግራ ነባሩ፣ በቀኝ መጤው ቆሞ፣
ጀርባና ጀርባ ሆነው፣ ሃምሳ ዓመት ከርሞ።

*ሳማ። ነባር። ከቦዩ አፍ፣ እጅግ ብዙ።*
*ቀጋ። ነባር። ከመቃብሩ አጥር፣ ሦስት ግንድ።*
*ዕፀ ፋርስ። መጤ። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ አንድ ብቻ፣ ያፈራ።*

ሳማን አውቀዋለሁ፤ የትም ያው ያቃጥላል።
ሮዙን አሳየችኝ፤ "በናንተ ምን ይባላል?"
አገላብጬ አየሁ፣ የኋላ ጅራቱን፣ የአበባውን ከንፈር።
"እንሶስላ" አልኳት፤ "እሱው ባይሆን እንኳ፣ የአክስቱ ልጅ ነበር፤
ሥሩን ወቅጠው ሴቶች ይሞቁታል፣ እግርና እጅ እስኪቀላ።"
ፊደል በፊደል ጻፈች፣ እ-ን-ሶ-ስ-ላ፣
በቀኙ ዓምድ ውስጥ፣ ከመጤዎቹ ኋላ።

ወሰኑን ጠየቅኳት።
"ሺህ አምስት መቶ ነው" አለች፤ "ከዚያ ወዲህ የገባ፣
መጤ ነው በሕጉ። ከስንዴ ጋር የመጣው ያ ቀዩ አበባ
ግን ቀደም ብሏልና፣ ማንም አይጠይቀው መቼ እንደ ገባ።"
"በኛ ቀመር" አልኳት፣ "ሰባት ዓመት ይጎድላል፤
በሺህ አምስት መቶ ሦስት የመጣ አረም በኛ ነባር ይሆናል።"
ሳቀች እስክትስል። ከዚያ ዝም አለች፣
ጣቷን ቀዩ መስመር ላይ እንዳሳረፈች።

መጤ ማለት በኛ የአረም ስም ብቻ አይደለም።
አጎቴ በር ላይ፣ አንድ ሌሊት፣ በከሰል ተጽፎ አድሯል።
ይህን አልነገርኳትም።

እኩለ ቀን ድረስ ቆጠረች፣ ጎንበስ ብላ፤
ሺህ ሁለት መቶ አርባ ስምንት፣ አንድም ሳትዘላ።
ትለምነኛለች ብዬ ነበር። አልለመነችም።
"አሁን ንቀል" አለች። "ከሥሩ ያለው ሳማ ፀሐይ አላየም።"

ነቀልኩ። ፍሬው ክፉ ነው፤ ጣት ገና ሲጠጋው
ጠሽ! ብሎ ይፈነዳል፤ ዘሩን ይረጨዋል፣ ማን እንደ ነካው ሳይለይ፣
አንገቴ ውስጥ፣ ጓንቴ ላይ፣ ጫማዬ ክር ላይ።
አሥራ አንድ ከረጢት ሞላሁ።
መኪናው መጥቶ ጫነ። ወንዙ ዳር ራቁቱን ቀረ።

በግንቦት፣ ከቤቴ ደጃፍ፣ ጫማዬን ከማራግፍበት፣
ከአሸንዳው ሥር፣ ከድንጋዩ ስንጥቅ፣ አየሁት፤ ወጣ ብሎበት።
ላኩባት። መጣች፣ በአውቶቡስ፣ ከነመዝገቧ፤
ተንበረከከች፣ ጎረቤት እያየ፣ ምንም ሳይመስላት ከልቧ።

*አንድ ችግኝ፣ ሁለት ቅጠል። ከአሸንዳ ሥር።*
*የመጣበት መንገድ፦ በሱሪ እጥፋት።*
*አግኚ፦*

ሙሉ ስሜን ጠየቀች። ጥጋቡ እንየው።
ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፣ ፊደሉ እንዳይስት ብላ።
ዓምዱን ግን አልሞላችም፤ እስክርቢቶውን ሰጥታኝ፣
"አውቶቡስ ያመልጠኛል" ብላ ሄደች።

ነገ ሰኞ ነው። ሰደርያው ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል።
ችግኙን ቆጥሬዋለሁ።
አንድ።